ፉትስክሬይ፦ የሚያድሩባትና የሚውሉባት ሰዎች

ሜልበርን አዲስ የገቡ ወገኖቻችን ቤት መፈለግ ከመጀመራቸው በፊት ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ «ሐበሻ የሚበዛው የት ሰፈር ነው?» የሚል ሲሆን፣ ቀድሞ የመጣ ሰው ሁሉ ሳያመነታ የሚሰጣቸው መልስ «ፉትስክሬይ» ነው። መልሱ ውሸት የለበትም፤ ነገር ግን ቤት ለሚከራይና ልጅ ትምህርት ቤት ለሚያስገባ ሰው በቂ አይደለም፤ ምክንያቱም በፉትስክሬይ የሚያድረው ሕዝብና በፉትስክሬይ የሚውለው ሕዝብ አንድ አይደለም። በዚህች ሰፈር ለዓመታት ኖሬአለሁ፤ ልጆቼም ያደጉት እዚሁ ነው። አዲስ መጪዎችን በማስተርጎምና ቤት በማፈላለግ ስረዳ የተማርኩትን፣ በተለይም ሰፈሯን በመንግሥት ቆጠራም በእግርም እንዴት ማወቅ እንደሚቻል፣ ለሌሎች እንዲጠቅም እጽፋለሁ።

ፉትስክሬይ ከሜልበርን መሐል ከተማ በስተ ምዕራብ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በስተ ምሥራቅ የማሪቢርኖንግ ወንዝ የሚያዋስናት አነስተኛ ሰፈር ናት። ስሟን ያገኘችው በእንግሊዝ አገር ካለች ፉትስ ክሬይ ከምትባል ቦታ ነው። በ1859 የራሷ ማዘጋጃ ቤት የተቋቋመላት፣ በ1891 ደግሞ የከተማነት ማዕረግ ያገኘች ሲሆን፣ በ1994 ሜልበርን የምትገኝበት የቪክቶሪያ ክልል መንግሥት የአካባቢ አስተዳደሮችን ሲያዋህድ ከአጎራባች ሰፈሮች ጋር ተጣምራ የማሪቢርኖንግ ከተማ አስተዳደር አካል ሆነች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ2021 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የነዋሪዎቿ ቁጥር 17,131 ነበር። ከዚያ አምስት ዓመት በፊት፣ በ2016፣ የነበረው 16,345 ስለሆነ እድገቷ ያን ያህል ፈጣን አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ቆሞ የሚወጣውንና የሚወርደውን ሰው ያየ ሁሉ ግን ይህን ቁጥር ለማመን ይቸግረዋል።

ስለ ሕዝቧ ሲነገር መጀመር ያለበት ከምድሩ ባለቤቶች፣ የኩሊን ሕዝቦች አካል ከሆኑት ከዉሩንጄሪና ከቡኑሮንግ ነው። አውሮፓውያን ከሰፈሩ በኋላ አካባቢው የድንጋይ ካባ፣ የቄራ፣ የቆዳ ፋብሪካ፣ በኋላም የገመድና የጥይት ፋብሪካ ቦታ ሆነ። ወንዙ ለፋብሪካዎቹ ውሃ ሰጠ፤ ቆሻሻቸውንም ተሸከመ። በዙሪያቸው የተሠሩት የእንጨት ቤቶች የሠራተኛ ቤቶች ነበሩ፤ ዛሬ በውድ ዋጋ የሚሸጡት እነዚያው ትንንሽ ቤቶች ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጣሊያኖች፣ ግሪኮችና ዩጎዝላቮች እነዚህን ቤቶች እየተከራዩ፣ ቆይተውም እየገዙ ገቡ። ፍራንኮ ኮዞ የተባለው ከሲሲሊ የመጣ የቤት ዕቃ ነጋዴ በጣሊያንኛ፣ በግሪክኛና በእንግሊዝኛ እያቀላቀለ በቴሌቪዥን ያስነግር የነበረውን ማስታወቂያ በዕድሜ የገፉ የሜልበርን ሰዎች እስከ ዛሬ በቃላቸው ይሉታል። ሰውየው በ2023 መጨረሻ ዐርፏል።

ከ1975 በኋላ ደግሞ የቬትናም ስደተኞች መጡ። ብዙዎቹ መጀመሪያ ያረፉት በአቅራቢያው በማሪቢርኖንግ በነበረው ሚድዌይ በተባለ የስደተኞች መቀበያ ሲሆን፣ ከዚያ ሲወጡ ቅርብ የነበረችውና ኪራይዋ የሚቻለው ፉትስክሬይ ነበረች። የሰፈሯን ንግድ እንደ ገና የገነቡት እነሱ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም። በሆፕኪንስ መንገድ ላይ የቆመው የሳይጎን ቅስት የእነሱን አሻራ ያስታውሳል። በኒኮልሰን መንገድ የነበረው ትንሹ ሳይጎን ገበያ በዲሴምበር 2016 በእሳት ሲወድም ያዘነው ቬትናማዊው ብቻ አልነበረም፤ ቃሪያውንና ቀይ ሽንኩርቱን ከዚያ እንገዛ የነበርን ሁላችንም ነበርን። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ትልቁ የፉትስክሬይ ገበያ ግን አሁንም አለ። ሊዘጋ ሲል የሚሄድ ሰው አትክልት ሻጮቹ በካርቶን ያለውን ሁሉ በርካሽ እየጮኹ ሲሸጡ ያገኛቸዋል፤ ብዙ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ይህን ሰዓት ቢያውቅ ይጠቀማል።

የእኛ ሰዎች ከ1980ዎቹ ጀምሮ፣ በብዛት ደግሞ በ1990ዎቹና ከዚያ በኋላ፣ አብዛኞቹ በሱዳንና በኬንያ በኩል በስደተኛነት መጡ። ከኤርትራውያን፣ ከሱዳናውያንና ከሶማሊያውያን ጋር ሆነው በኒኮልሰን፣ በባርክሊና በኧርቪንግ መንገዶች ላይ አንድ አንድ እያሉ ሱቅና ምግብ ቤት ከፈቱ። በኧርቪንግ መንገድ የሚያልፍ ሰው «ላሊበላ» የሚል ጽሑፍ ያነባል፤ በአካባቢው በፊደላችን የተጻፉ ሌሎች ሰሌዳዎችንም ያያል። ከሱቆቹ ወደ አንዱ ብትገቡ በሩ አጠገብ በላስቲክ የታሸገ እንጀራ ተደርድሮ፣ ከበስተ ኋላ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ በየከረጢቱ፣ ከላይ መደርደሪያው ላይ ጀበናና ስኒ፣ ባንኮኒው ላይ ደግሞ የለቅሶና የሠርግ ማስታወቂያ ተለጥፎ ታገኛላችሁ። ያ ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ቦታ ለእኔ ከማንኛውም ድረ ገጽ ይበልጣል። ማን እንደ ሞተ፣ ተዝካሩ የት እንደሚወጣ፣ የትኛው ዕድር አባል እንደሚመዘግብ፣ ማን ክፍል እንደሚያከራይ የሚታወቀው እዚያ ነው። ባለ ሱቁን ሰላም ብሎ «አዲስ ነኝ» ማለት ብቻ ብዙ በር ይከፍታል።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ብዙ ሰው የሚደናገረው። አንድ ከአገር ቤት የመጣ ወጣት ማክሰኞ ጠዋት ሰፈሯን ላሳየው ይዤው ስዞር፣ «ጋሼ፣ ሐበሻ የታለ? በዝቷል ሲሉኝ ነበር እኮ» ብሎኝ ነበር። «ቅዳሜ ተመልሰህ ና» አልኩት። ቅዳሜ ሲመጣ በየቡና ቤቱ መቀመጫ አጣ። የሰፈሯ ጠባይ ይህ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ኧርቪንግ መንገድን የሚሞላው ሕዝብ አብዛኛው የሚኖረው በሰንሻይን፣ በሴንት አልባንስ፣ በታርኔት፣ በዌሪቢና በሜልተን ነው። ወደ ፉትስክሬይ የሚመጣው በርበሬ ለመግዛት፣ ፀጉር ለመሠራት፣ ዕቁብ ለመጣልና ከወዳጅ ጋር ቡና ለመጠጣት ነው፤ ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ለምን ሰው ርቆ ሄዶ ገበያው እዚሁ ቀረ ለሚለው ጥያቄ ዋናው መልስ፣ በእኔ እምነት፣ የባቡር ሐዲዱ ነው። የዌሪቢና የሰንበሪ መስመሮች በፉትስክሬይ ያልፋሉ፤ ሴንት አልባንስና ሰንሻይን በሰንበሪ መስመር ላይ ናቸው። በተጨማሪም ወደ ባላራትና ወደ ጂሎንግ የሚሄዱት የክፍለ ሀገር ባቡሮች እዚህ ይቆማሉ፤ ሜልተን ያለው በባላራቱ መስመር፣ በ2015 የተከፈተው የታርኔት ጣቢያም በጂሎንጉ መስመር ላይ ነው። ስለዚህ በምዕራብ ሜልበርን የተበታተነው ቤተሰብ በሙሉ መኪና ሳይዝ፣ ባቡርም ሳይቀይር የሚገናኝበት ቦታ ፉትስክሬይ ናት። ኪራይ ሰውን ቢገፋም፣ ሐዲዱ መልሶ ያመጣዋል። አንድ ሱቅ ከዚህ ተነሥቶ ታርኔት ቢከፈት የሜልተኑን ደንበኛ ያጣል፤ ሜልተን ቢከፈት ደግሞ የሴንት አልባንሱን።

የመንግሥት ቆጠራ የሚመዘግበው ሰው የሚኖርበትን ቤት ስለሆነ ይህን የቀን ሕዝብ አያሳይም። ቢሆንም ቆጠራውን ማንበብ የሚያውቅ ሰው ስለ ሰፈሩ ብዙ ይረዳል፤ የአውስትራሊያ ስታቲስቲክስ ቢሮም የእያንዳንዱን ሰፈር አኃዝ ያለ ክፍያ ለሕዝብ አውጥቷል። ስታነቡ የሰፈሩን ስም በጥንቃቄ ምረጡ። ሰው በአፉ «ፉትስክሬይ» ሲል ዌስት ፉትስክሬይን፣ ሴደንን፣ አንዳንዴም ሜይድስቶንንና ብሬይብሩክን ይጨምራል፤ በቆጠራው ግን እነዚህ የየራሳቸው ሰፈር ናቸው፤ የነዋሪዎቻቸውም ገቢና የቤት ዓይነት ይለያያል።

ስለ እኛ ሰዎች ብዛት ማወቅ የሚፈልግ ደግሞ አንድ ሠንጠረዥ ብቻ አይቶ መደምደም የለበትም። «የትውልድ አገር» በሚለው ሥር ኢትዮጵያ ተብሎ የሚቆጠረው እዚያ የተወለደው ብቻ ነው። በካርቱም ወይም በናይሮቢ የተወለደው ልጅ ሱዳን ወይም ኬንያ ውስጥ ይገባል፤ እዚህ ሜልበርን የተወለደው ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ። የእኔን ቤት ብቻ ብትወስዱ እንኳ ከልጆቼ መካከል በዚያ ሠንጠረዥ ኢትዮጵያ ሥር የሚቆጠር የለም፤ ሁሉም ግን ዶሮ ወጥ በልተው ያደጉ ናቸው። «በቤት ውስጥ የሚነገር ቋንቋ» የሚለው ይሻላል፤ እሱም ቢሆን አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ሐረሪ ለየብቻ ስለሚቆጠሩ ተደምረው ካልታዩ የማኅበረሰቡን መጠን አያሳዩም፤ ትግርኛው ደግሞ ኤርትራውያንንም ያካትታል። ሦስተኛው «የዘር ሐረግ» የሚለው ነው፤ ይህ ሁለት መልስ ድረስ ስለሚቀበል እዚህ የተወለዱትን ልጆች የሚይዘው እሱ ነው። በሰፈር ደረጃ ቁጥሮቹ ትንንሽ ሲሆኑ የሰው ማንነት እንዳይታወቅ ቢሮው ሆን ብሎ በጥቂቱ ያዛባቸዋል፤ ስለዚህ 12 ነው ወይስ 15 እያሉ መከራከር ጥቅም የለውም፤ አቅጣጫውን ማየት ይበቃል።

አቅጣጫው ምን ይላል? ከእንግሊዝኛ ቀጥሎ በሰፈሯ በብዛት የሚነገረው ቋንቋ ቬትናምኛ ነው፤ የእኛ ቋንቋዎች ከዚያ በእጅጉ ያነሱ ናቸው። ከነዋሪው ከግማሽ በላይ የሚኖረው በኪራይ ነው። በመላ አገሪቱ ግን ተከራይ የሆነው ቤተሰብ ከሦስት አንድ ገደማ ስለሆነ፣ ሰፈሯ ሰው የሚገባባትና የሚወጣባት መሆኗን ይህ ብቻ ይናገራል። በወንዙ ዳር፣ በጆሴፍ መንገድ አካባቢ የተሠሩት ረጃጅም ፎቆች በአብዛኛው ባለ አንድና ባለ ሁለት መኝታ ናቸው፤ የሚገቡባቸውም መሐል ከተማ የሚሠሩ ወጣቶችና የቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። አምስት ልጅ ላለው ቤተሰብ በዚያ ቦታ የለም። ባለ ሦስትና ባለ አራት መኝታው ቤት አሮጌው የእንጨት ቤት ነው፤ እሱን ደግሞ ጥሩ ደመወዝ ያላቸው ገዝተው እያደሱት ነው። የእኛ ቤተሰቦች ወደ ታርኔትና ወደ ሜልተን የሄዱት ሰፈሯን ጠልተው አይደለም፤ ልጅ ሲበዛ የሚበቃ ቤት በሚችሉት ዋጋ ስላጡ ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ሰፈሯን ሕያው ያደረጓት እነሱ ሆነው ሳለ የሚኖሩባት ሌሎች እየሆኑ ነው።

የመንግሥት ቤት ተስፋ አድርጋችሁ የምትመጡ ካላችሁ ረጅም ተራ እንዳለው አስቀድማችሁ እወቁ። ከወንዙ ማዶ በፍሌሚንግተንና በኖርዝ ሜልበርን ባሉት ረጃጅም የመንግሥት ፎቆች ብዙ የምሥራቅ አፍሪካ ቤተሰቦች ይኖራሉ፤ በጁላይ 2020 በኮቪድ ምክንያት ዘጠኙ ፎቆች ያለ ማስጠንቀቂያ ሲዘጉ 3,000 ያህል ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ የታገደው በእነዚህ ነው። በዚያ ሰሞን በራቸው ድረስ ምግብ ካቀረቡት መካከል የየማኅበረሰቡ ሰዎች ይገኙበታል። በ2023 የክልሉ መንግሥት በሜልበርን ያሉትን 44ቱን ረጃጅም የመንግሥት ቤት ፎቆች በሙሉ እስከ 2051 ድረስ አፍርሶ በአዲስ እንደሚተካ አስታውቋል። እዚያ ቤት የተሰጠው ሰው በየጊዜው የሚደርሰውን ደብዳቤ ችላ ሳይል ማስተርጎም ይገባዋል።

ከግል አከራይ ለምትከራዩ ዋናው ችግር ወረቀት ነው። የቤት ወኪሎች የደመወዝ ማስረጃና የቀድሞ አከራይ ምስክርነት ይጠይቃሉ፤ አዲስ መጪ ግን ሁለቱም የሉትም። እኔ ካየኋቸው መካከል የተሳካላቸው ሰዎች በእነዚህ ፋንታ አዲስ መጪዎችን እንዲረዳ ከተመደበላቸው የሠፈራ ድጋፍ ሠራተኛ የተጻፈ ደብዳቤ፣ የባንክ መግለጫ፣ ከመንግሥት የሚያገኙት የድጎማ (ሶሻል) ክፍያ ማረጋገጫና የሚያውቃቸው ሰው ምስክርነት በአንድ ፋይል አዘጋጅተው ቤቱን ሊያዩ በሄዱበት ዕለት ያስገቡ ናቸው። የሳምንቱ ኪራይ እስከ 900 ዶላር ከሆነ መያዣው ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ ገንዘቡም የሚቀመጠው በአከራዩ እጅ ሳይሆን በመንግሥቱ የመያዣ ባለሥልጣን ዘንድ ነው። ከዚያ መሥሪያ ቤት ደረሰኝ ካልመጣላችሁ ጠይቁ። ከወገን ላይ ክፍል የሚከራይ ሰው በተለይ ይህን ለመጠየቅ ያፍራል፤ ይሉኝታ ይዞት ገንዘቡ የቀረበት ሰው ግን ብዙ ነው። ቋንቋ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ በ131 450 ደውላችሁ «አማርኛ» ብትሉ አስተርጓሚ ይገናኛችኋል።

ትምህርት ቤት ለልጅ የምትፈልጉ ደግሞ ቤት ከመፈረማችሁ በፊት አድራሻው በየትኛው ትምህርት ቤት ክልል እንደሚገባ አረጋግጡ። በ2020 የተቋቋመው የፉትስክሬይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባርክሊ፣ ኪኒርና ፒልግሪም የሚባሉ ሦስት ቅጥር ግቢዎች ስላሉት ልጁ የሚሄድበት ግቢ ከቤታችሁ ሊርቅ ይችላል። ከፉትስክሬይ የሚነሣው 82 ቁጥር ትራም ወደ መሐል ከተማ ሳይሆን ወደ ሙኒ ፖንድስ ነው የሚሄደው፤ መሐል ከተማ የሚወስደው ባቡሩ ነው። ልጆች ከሰፈሩ ልጆች ጋር በቶሎ የሚግባቡት በኳስ ነው። ዌስተርን ቡልዶግስ የሚባለው የአውስትራሊያ እግር ኳስ ቡድን የዚህች ሰፈር ልጅ ነው፤ በ1954 ካነሣው ዋንጫ በኋላ ሁለተኛውን ያነሣው በ2016 ሲሆን፣ የዚያን ዕለት ደስታ በሰፈሯ የነበረ ሁሉ አይረሳውም።

ስለ ጸጥታዋ የሚወራው ብዙ ነው። በኒኮልሰን መንገድ የእግረኛ አደባባይና በጣቢያው አካባቢ በአደንዛዥ ዕፅ የተጎዱ ሰዎች ይታያሉ፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ምሽት ላይ ሴት ልጄ ብቻዋን ከባቡር ስትወርድ ሄጄ እቀበላታለሁ። ቀን ግን አደባባዩ አረጋውያን ተቀምጠው የሚጨዋወቱበት፣ እናቶች ሕፃን በጋሪ እየገፉ የሚያልፉበት ቦታ ነው። ስለ አፍሪካውያን ወጣቶች በመገናኛ ብዙኃን የሚነገረውን ሰምቶ ሰፈሯን የሚፈርድ ሰው አንድ ከሰዓት በኋላ በፉትስክሬይ መናፈሻ ቢቀመጥ ይሻለዋል።

እንግዲህ ምክሬን ለሚጠይቀኝ እንዲህ እላለሁ። ብቻችሁን ወይም ሁለት ሆናችሁ የመጣችሁ ከሆነ፣ በተለይም መኪና የሌላችሁና ሥራችሁ መሐል ከተማ የሆነ እንደ ሆነ፣ ፉትስክሬይ ወይም ዌስት ፉትስክሬይ ተከራዩ፤ ኪራዩ ቢበዛም ከጉዞው የምታተርፉት ጊዜ ይክሳችኋል። ቤተሰብ ይዛችሁ የመጣችሁ ግን በባቡር መስመሩ ላይ ወጣ ብላችሁ፣ ጣቢያ በእግር የሚደረስበት ቤት ፈልጉ፤ ጣቢያ የሌለው አዲስ መንደር ኪራዩ ቢረክስም እናቶችን ቤት ውስጥ ይዘጋቸዋል። ይህን ያየሁት በብዙ ቤተሰብ ነው፤ መኪና የሚነዳው አባት ሥራ ሲውል እናትየው ዕድሯንም ቤተ ክርስቲያኗንም ገበያዋንም ታጣለች።

የሕዝብ ቆጠራው በየአምስት ዓመቱ በኦገስት ወር ይካሄዳል፤ ከ2021 ቀጥሎ ያለው የ2026 ነው። ለቋንቋው ጥያቄ ከተዘረዘሩት መካከል የእናንተን ካጣችሁ «ሌላ» በሚለው ቦታ ራሳችሁ ጻፉት፤ ልጆቻችሁም በቤት የሚናገሩት እሱን ከሆነ በእነሱም ገጽ ላይ ይጻፍ። የዘር ሐረጉን ጥያቄ «አውስትራሊያዊ» ብላችሁ ብቻ አትለፉት፤ ሁለተኛ መልስ ይቀበላል። አስተዳደሩ አስተርጓሚ የሚቀጥረው፣ የአረጋውያን አገልግሎት በየቋንቋው የሚያቅደውና ለማኅበራት ድጋፍ የሚመድበው እነዚህን ሠንጠረዦች አይቶ ስለሆነ፣ ቅጹን መሙላት ለሚከብዳቸው አረጋውያን ጎረቤቶቻችሁ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ሙሉላቸው።